የተቆሰቆሰው ዘንዶዬና «ከቻለ» የምትባለው ቃል

ደባርቅ፣ ግንቦት 2008 ዓ.ም.

ለፍጡራን ካርታ ክበብ ሊቀመንበር፣ የደንብ ተርጓሚና ብቸኛ ዳኛ
ለተከበሩ አቶ እንግዳው
ካሉበት ጠረጴዛ

ጉዳዩ፦ መቻሌን በሰው ፊት ስላረጋገጡልኝ ምስጋና ስለማቅረብ

የተከበሩ ጋሼ እንግዳው፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ሰሞኑን ከተራራው የሚወርደው ጉም እስከ አዳራሹ ድረስ እየገባ ስለሆነ ጉንፋን እንዳይደፍርዎ፣ ፍርድ የሚሰጡበት ድምፅዎም እንዳይዘጋብን ከልቤ እመኛለሁ። በተለይ የቀኝ እጅዎ ሌባ ጣት በደኅና መሰንበቷን ለማወቅ እጓጓለሁ። ሌባ ማለቴ የጣቲቱ ስም እንዲያ ስለሆነ ብቻ ነው፤ ሌላ ነገር አስቤ እንዳይመስልዎ። ባለፈው እሑድ የእኔንም ሥራ ደርባ ስለሠራች ደክሟት እንደሆነ ብዬ ነው።

ይህን ደብዳቤ በአዳራሹ በር ላይ፣ በቀይ ቀለም ከጻፉት የክበቡ ደንብ ጎን የለጠፍኩት ደፋር ሆኜ አይደለም። ደፋር ብሆን ኖሮ ደብዳቤው ባላስፈለገ። ሰው ፊት ለፊት ሲያየኝ ቃል ከጉሮሮዬ አይወጣም፤ እርስዎም ቢሆኑ ክበቡ ውስጥ ከገባሁ ጀምሮ ከእኔ አፍ «አሳልፌያለሁ» ከሚለው ሌላ ነገር መስማትዎን እጠራጠራለሁ። ትምህርቴንም ስምንተኛ ክፍል ላይ አቁሜ የእናቴን ሱቅ ስለምጠብቅ፣ አጻጻፌ ቢወላገድ እንደ ልማድዎ አቃንተው ይተርጉሙልኝ።

በሩ ላይ ቆሞ የሚያነብ መንገደኛ ነገሩ እንዳይደናገረው ጨዋታችንን በአጭሩ ላስረዳ። ካርታዎቹ ከተራራው የወረደ አንድ ፈረንጅ ሻንጣው ስለከበደው ለጋሼ እንግዳው የተዋቸው ናቸው። በየካርታው ላይ አንድ ፍጡር ተሥሏል፤ ከሥዕሉ ሥር ደግሞ ፍጡሩ የሚያደርገው ነገር በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ጋሼ እንግዳው አስጎብኚ ስለሆኑ ቋንቋውን ያውቁታል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ተርጉመው፣ በትንንሽ ወረቀት ጽፈው፣ በእንግሊዝኛው ላይ በሙጫ ለጥፈውልናል። በሙጫ ስለለጠፉት ከሥር ምን ይል እንደነበር ማንም ሊያይ አይችልም፤ ይህም ክርክርን እጅግ አቅልሎልናል።

አራት ሰው በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ሃያ ነፍስ ይሰጠዋል። ተራው ሲደርስ ከፈለገ ፍጡሩን በመረጠው ሰው ላይ ያዘምታል፤ ካልፈለገ ነፍሱን እንዲጠብቅለት አቁሞት «አሳልፌያለሁ» ይላል። የዘመተ ፍጡር ካርታው በጎኑ ይጋደማል፣ ደክሞታልና እስከሚቀጥለው ተራ ባለቤቱን አይጠብቅም። ነፍሱ ያለቀበት ሰው ከጠረጴዛው ይነሣል። ይኸው ነው። እናቴ አንድ ቀን «ሁለት ነፍስ ብቻ ቀርታኝ ነበር» ብዬ ስናገር ሰምታ ካማተበች ወዲህ፣ ቤት ውስጥ ስለ ጨዋታው አላወራም።

እኔ ማዝመት አልወድም። ፍጡሮቼን ሁሉ በፊቴ ደርድሬ፣ ከኋላቸው ተደብቄ፣ ሌሎቹ ሲፋለሙ ማየት ይበቃኛል። ከሁሉም የምወደው አረንጓዴውን የዋሻ ዘንዶ ነበር። ድንጋይ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ አንድ ዓይኑ ግማሽ ተከፍታለች። ይህን ካርታ የሰጠችኝ የትናየት ናት። ከራሷ ካርታዎች መሐል አውጥታ «እንኪ፣ ይሄ አንቺን ይመስላል፤ ዝም ብሎ ቁጭ ብሎ ሁሉን ያያል» አለችኝ።

የትናየትን እርስዎ ያውቋታል፤ መንገደኛው ግን አያውቃትምና እሷንም ላስተዋውቅ። የጎረቤታችን ልጅ ናት። ዘጠነኛ ክፍል ነች። ትምህርት ካቆምኩ በኋላ ከእሷ ጋር የምገናኘው እሑድ ከሰዓት በዚህ አዳራሽ ብቻ ነው። ክበቡ ሲከፈት ወንዶች ብቻ ስለነበሩ በሩ ላይ ቆሜ ልመለስ ስል የነጠላዬን ጫፍ ይዛ የጎተተችኝ እሷ ናት። «ነይ ግቢ እንጂ! ወንዶች ናቸው እኮ፣ ጅብ አይደሉም» አለችኝ። ከዚያ ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠውን ያርጋልን አየችና «ይሄኛውን ግን እርግጠኛ አይደለሁም» ብላ ሳቀች። ያርጋልም «አው!» ብሎ እንደ ጅብ ጮኸላት። እንዲህ ሆኜ ነው የገባሁት። በጠረጴዛው ላይ እኔና እሷ አንነካካም ብለን ተስማምተን ነበር፤ በደንብ የተጻፈ ሳይሆን በዓይን የተባለ ስምምነት ነው።

አሁን ወደ ባለፈው እሑድ ልምጣ፤ ወደዚያ ቀን ስመለስ ፊቴ ስለሚግል ቢቻል ባላወራው ደስ ይለኝ ነበር።

የፊታችን እሑድ ዳባት ካለው ክበብ ጋር ግጥሚያ አለን። የሚሄዱት ሦስት ናቸው። በቀይ ቀለም ከተጻፈው ደንብ ውስጥ፣ አራቱ ተጫውተው መጀመሪያ የተነሣው ይቀራል የሚል አለ፤ ሌላም አንድ ደንብ አለ፣ እሱን በኋላ እመለስበታለሁ። አራቱ እኔ፣ የትናየት፣ ያርጋልና ደምለው ነበርን። ለእኔ ዳባት ምኔም አይደለችም። ለደምለው የመኪና ላይ ሽርሽር ናት። ለያርጋል አዲስ የሚያሸንፈው ሰው ያለባት ከተማ ናት። ለየትናየት ግን እዚያ ያገባች ታላቅ እህቷ እናናዬ አለች፤ ከወለደች ወዲህ የትናየት ሕፃኑን አላየችውም። አባቷ ሴት ልጅ ብቻዋን በመኪና አትሄድም ይላሉ። ክበቡ ከሆነ ግን «እንግዳው አለ፤ እሱ ካለ ልጄን አምኜ እሰጣለሁ» ብለው ፈቅደውላት ነበር። ይህን የሰሙት አይመስለኝምና እንዲያውቁት ያህል ነው የጻፍኩት። የትናየት ለሕፃኑ ቢጫ የሱፍ ኮፍያ ሠርታ፣ ጨዋታው እስኪያልቅ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣው ነበር።

ያን ቀን ካርታ አልወጣላትም። ነፍሷ እያነሰ እያነሰ ሄዶ ሦስት ቀረላት፤ በፊቷም የሚጠብቃት አንድ ፍጡር አልነበረም። ቢሆንም ያርጋልና ደምለው እርስ በርስ ስለተያያዙ፣ እኔም ስለማልዘምት፣ ልትተርፍ ትችል ነበር። እየሳቀች «በለጡ፣ አንቺ ዘንዶሽን አስተኚው፤ እኔ አመልጣለሁ» ትለኝ ነበር።

በዚህ መሐል ያርጋል ቆስቋሹን አወጣ።

ቆስቋሹ አንድ ካርታ ነው። ሽማግሌ በእሳት ፊት ተቀምጦ ፍሙን በእንጨት ሲነካካ ያሳያል። እርስዎ የለጠፉበት ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «የሌላውን ሰው አንድ ፍጡር ቆስቁስ። የተቆሰቆሰ ፍጡር በተራው ከቻለ ይዘምታል፤ በቆስቋሹ ላይ ግን አይዘምትም።» ያርጋል ካርታውን ዘንዶዬ ላይ አስቀመጠና «ይቅርታ በለጡ፣ ጨዋታ ነው» አለኝ። እውነትም ጨዋታ ነው። ያርጋል ላይ መዝመት አልችልም፤ የቆሰቆሰው እሱ ነውና። ደምለው ደግሞ ወዲያው ጉም የሚባለውን ካርታ ጣለ፤ ጉም ያለበት ሰው ላይ በዚያ ዙር ማንም አይዘምትም። «እኔ የለሁም! ጉም ውስጥ ነኝ!» ብሎ ጋቢውን እስከ አናቱ ተከናነበ። ሰው ሁሉ ሳቀ። የትናየትም ሳቀች፤ ከዚያ ማን እንደቀረ ገባትና ሳቋን አቆመች።

እርስዎ «በለጠች፣ ተራሽ ነው» አሉ።

እኔ «አሳልፌያለሁ» አልኩ።

እርስዎም «ማሳለፍ የለም። የተቆሰቆሰ ነው፣ የግድ ይዘምታል» አሉ።

የትናየት ናት የተናገረችልኝ። «ጋሼ፣ እሷ እኮ አትፈልግም፣ ፊቷን ይዩት» አለችዎ። እርስዎም ለክበባችን መታሰቢያ ሊሆን የሚገባውን ቃል ተናገሩ፦ «ደንብ ምክንያት አይጠይቅም።» እሷ ግን አልተወችዎትም። «ወረቀቱ ከቻለ ነው እኮ የሚለው። ትችል አትችል ራሷን ይጠይቋት እስቲ» አለችዎ። እርስዎም በፍትሕ ሰውነትዎ ወደ እኔ ዞረው «ትችያለሽ?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላርፍ።

በቆርቆሮው ላይ ነፋሱ ይሰማ ነበር። ሁሉም ያየኝ ነበር። እጆቼ ከጠረጴዛው ሥር ነበሩ። «አልችልም» የምትለው ቃል አፌ ውስጥ ነበረች፤ ምላሴ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ግን ከዚያ በላይ አልሄደችም። አንገቴን ደፋሁ። እርስዎም «በለጠችን አታውቋትም እንዴ? ቻይ ናት እኮ፤ ትችላለች» አሉ። ያው ሳቅ ሆነ። ከዚያ ያች የተመሰገነች ጣትዎ ጠረጴዛውን ተሻግራ መጥታ ዘንዶዬን በጎኑ አጋደመችው። የዘንዶው ኃይል አራት ነው። የየትናየት ነፍስ ሦስት ነበር።

ስለዚህ ጋሼ እንግዳው፣ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ቃል ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። እስከዚያ እሑድ ድረስ «ቻለ» አንድ ቃል ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ሁለት መሆኑን ተረድቻለሁ። እንጨት ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰው ቻለ ይባላል። ጥርሱን እያመመው ዝም ያለ ሰውም ቻለ ይባላል። የፊተኛው ጉልበት ስላለው ነው፤ የኋለኛው ግን ሌላ የሚያደርገው ስላጣ ነው። የካርታው ሠሪ በእንግሊዝኛ የጻፈው የፊተኛውን ይመስለኛል። እርስዎ ደግሞ በጥበብዎ ሁለቱን አንድ አድርገው፣ ዝም ያለ ሁሉ እንደሚችል፣ የሚችል ሁሉም ማድረግ እንዳለበት ወሰኑ። ይህ ፍርድ እርስዎ የጀመሩት አለመሆኑን በትሕትና ልገልጽ እወዳለሁ። እናቴ ስትታመም ሱቁን ማን ይጠብቅ ተብሎ ሲመከርም፣ ታላቅ ወንድሜ «በለጠች ቻይ ናት» ብሎ ነበር፤ እሱ አሁን ጎንደር ይማራል፣ ጎበዝ ነው። ክርስትና እናቴም ስታመሰግነኝ የምትለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ እርስዎ የፈረዱት ወገኖቼ የፈረዱትኑ ነው። አንድም ሰው ግን እስከ ዛሬ «ትችያለሽ?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። እርስዎ ጠየቁኝ። መልሱን አለመጠበቅዎ ጊዜ ለመቆጠብ እንደሆነ ይገባኛል።

ሁለተኛ፣ የቆስቋሹን ደንብ ስለተረጎሙልን አመሰግናለሁ። እሳት የሚቆሰቁስን ሰው እሳቱ እንዳይነካው፣ የተቆሰቆሰው ግን የግድ ሌላውን እንዲነካ የሚያደርግ ሕግ በጽሑፍ ተደራጅቶ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። በየሰፈሩ ያለ ነገር መሆኑን ሰምቻለሁ፤ ገበያም ላይ፣ ድግስም ላይ አይቻለሁ። ነገር ግን በሙጫ ተለጥፎ አይቼ አላውቅም ነበር። ያርጋልን አልወቅሰውም። የእሱ ፍጡራን አንዳቸውም አልተጋደሙም፤ እሱም አልደከመም፤ የትናየትም ስትነሣ «እኔ አይደለሁም የመታሁሽ፣ በለጡ ናት» አላት። ደንቡን በሚገባ ያነበበ ልጅ ነው። አንድ ቀን ትልቅ ሰው እንደሚሆን አልጠራጠርም።

ሦስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር። ሦስተኛው ግን እርስዎን አይመለከትም፤ ቢሆንም በአደባባይ የተሠራ በአደባባይ ይጻፍ ብዬ እጽፈዋለሁ።

ዘንዶው በጎኑ ሲጋደም፣ ከኋላ የቆመው አንዱዓለም «በለጠች በለጠቻት!» ብሎ ጮኸ። ልጆቹም ተቀበሉት። «በለጠች በለጠቻት! በለጠች በለጠቻት!» እያሉ ጠረጴዛውን ይደበድቡ ጀመር። ስሜ በዚያ አዳራሽ እንደዚያ ተጠርቶ አያውቅም። እኔም፣ ጋሼ እንግዳው፣ ፈገግ አልኩ። አስቤው አይደለም። ግን ፈገግ አልኩ። ጣቲቱ የእርስዎ ናት፤ ቁስቆሳው የያርጋል ነው፤ ጉሙ የደምለው ነው፤ ፈገግታው ግን የእኔ ነበር፣ ማንም አልቆሰቆሰውም። የትናየት አየችኝ።

ካርታዎቿን ሰብስባ በላስቲክ አሰረች። ቢጫውን ኮፍያ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ስታልፈኝ ቀስ ብላ፣ እኔ ብቻ እንድሰማ ነው የተናገረችው፦ «አልችልም ማለት አትችይም?»

ከዚያ ወዲህ አላነጋገረችኝም። በሱቃችን በር ስታልፍ ወደ ማዶ ትሻገራለች፤ ጨው ሲያልቅባቸው ታናሽ እህቷን ነው የምትልከው። እኔም መደርደሪያ የማስተካክል መስዬ ጀርባዬን እሰጣለሁ። መደርደሪያችን እንደ ዘንድሮ ተስተካክሎ አያውቅም።

ምናልባት እርስዎ «አልችልም ብትዪም ደንቡ ደንብ ነው፤ ዘንዶው ይዘምት ነበር» ይሉኝ ይሆናል። እውነትዎን ነው። ብዙ አስቤበታለሁ። ካርታው ከቻለ የሚለው ፍጡሩን እንጂ ባለቤቱን አይደለም፤ ዘንዶው ደግሞ አልታመመም፣ አልተጋደመም፣ ይችል ነበር። የትናየትም መነሣቷ አይቀርም ነበር። ልዩነቱ፣ ቃሉን ትሰማው ነበር። ኮፍያውን ኪሷ ከትታ ስትወጣ፣ አንድ ሰው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስለ እሷ አልችልም እንዳለ ይዛ ትወጣ ነበር። የሞኝ ነገር ሊመስልዎ ይችላል። ለእኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አልታሰበኝም።

እንግዲህ ወደ ሌላው ደንብ ልመለስ።

በዚህ ሳምንት አዳራሹ ባዶ በሆነበት ሰዓት መጥቼ፣ በቀይ ቀለም የጻፉትን ሙሉ አነበብኩት። አንድ ቀን ሙሉውን እንድናነበው መክረውን ነበር፤ ምክርዎን በመስማቴ ይደሰታሉ ብዬ አስባለሁ። ወደ ታች፣ ቀለሙ እያለቀ በደበዘዘበት ቦታ እንዲህ ይላል፦ «ለግጥሚያ ከተመረጡት አንዱ መሄድ ካልቻለ፣ መጀመሪያ የተነሣው ተተክቶ የግድ ይሄዳል።»

ካልቻለ። የእጅ ጽሑፉ የእርስዎ ነው፤ ቃሉም ያችው ቃል ናት። ታሞ እንደሆነ አይልም። ሰርግ ወይም ለቅሶ ይዞት እንደሆነ አይልም። እኔም ለምን እንደማልችል ሊጠይቁኝ ካሰቡ፣ ደንብ ምክንያት አይጠይቅም ያሉት እርስዎ ነዎት፤ በአዳራሹ የነበረ ሁሉ ሰምቷል።

ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ በይፋ አስታውቃለሁ፦ የፊታችን እሑድ ዳባት መሄድ አልችልም።

ይህችን ቃል ከመጻፌ በፊት ሱቅ ውስጥ ሰው በሌለበት፣ ለስኳር ኩንታሉ ደጋግሜ ስናገራት ሰንብቻለሁ። መጀመሪያ ቀን ኩንታሉ ፊት እንኳ አፈርኩ። ቀጥሎ እየቀለለችኝ መጣች። ትናንት አንድ ደንበኛ ዱቤ ሲጠይቀኝ ሳላስበው አምልጣኝ «አልችልም» አልኩት፤ ሁለታችንም ደነገጥን።

እሑድ ከመኪናው አጠገብ መጥቼ እቆማለሁ። ምናልባት ከልማድዎ የተነሣ «በለጠች ቻይ ናት፣ ትሄዳለች» ብለው ይፈርዱ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ግን እባክዎ በመጀመሪያ ይጠይቁኝ፣ ከዚያ መልሱን ይጠብቁ። ትንሽ ልዘገይ እችላለሁ። ሰው ሲያየኝ ቃል እንደማይወጣልኝ ነግሬዎታለሁ። ቢሆንም ይጠብቁኝ፤ ትወጣለች።

የየትናየት አባት የክበቡ መኪና ከየት እንደሚነሣ ጠይቀው ነበርና እርስዎ ቢነግሯቸው መልካም ነው። ልጃቸውን በእርስዎ አምነው ነው የሚሰጡት።

ለሰጡኝ ትምህርት፣ ላሳዩኝ ፍትሕ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለጥያቄዎ ያለኝን አክብሮት በድጋሚ እየገለጽኩ፣ ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ በማለት ከወንበሬ ተነሥቼ እሰናበታለሁ፤ ለነገሩ ወንበሩ ላይ የቆየሁት ለመነሣት አፍሬ ነበር።

መቻሏ በእርስዎ የተመሰከረላት፣
የዘንዶው የቀድሞ ባለቤት፣
በለጠች

ግልባጭ፦
ለያርጋል፣ ማንም ሊነካው በማይችልበት ቦታ
ለደምለው፣ ጉሙ ውስጥ
ለየትናየት፣ በለዘበ ድምፅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዘንዶውን ለዳባቱ ግጥሚያ እንደሚፈልጉት፣ የእኛ ክበብ ትልቁ ፍጡር ነው ብለው ለዳባት ልጆች በስልክ እንደፎከሩም ሰምቻለሁ። ካርታው እኔ ዘንድ የለም። ዛሬ ማታ ወስጄ ለባለቤቱ መልሻለሁ። የትናየት በሩን ከፍታ ካርታውን አየችና «ምነው? አንቺ አትይዢውም?» አለችኝ። እኔም ዓይኗን እያየሁ «አልቻልኩም» አልኳት። ግቢ አላለችኝም። በሩን ግን አልዘጋችውም፤ የሱቃችን በር ጋ እስክደርስ ድረስ የቤታቸው መብራት መንገዱ ላይ ነበር። ስለዚህ ዘንዶው ዳባት የሚሄደው እሷ ከሄደች ብቻ ነው። በዚህ የተነሣ ቀዩን ብዕርዎን አንሥተው፣ በዚያች ደኅንነቷን በጠየቅኳት ጣት ደግፈው፣ የእኔን ስም ሰርዘው የእሷን መጻፍ የግድ ይሆንብዎታል። ለአንድ ዳኛ በአንዲት ልጅ መቆስቆስ ደስ እንደማይል አውቃለሁ። ግን አልጨነቅም፤ ቻይ ነዎት፣ ይችሉታል።